ከቦሩ ሜዳው ልብ ወለድ ጋር ለተጣላሽው እህታችን

የደብዳቤው ፍሬ ነገር፦

«ደሴ የምኖር መምህርት ነኝ። ሰባት ሴቶች ሆነን በየወሩ አንድ መጽሐፍ እናነባለን፤ አራታችን ክርስቲያን፣ ሦስቱ ሙስሊም ናቸው። የዚህ ወር መራጭ እኔ ነበርኩ። ሽፋኑ ላይ "ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ" የሚል አይቼ፣ ታሪኩም የእኛው ቦሩ ሜዳ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ለሁላችንም አስገዛሁ። የወረ ሂመኖ ባላባት ልጅ የሆነች ሙስሊም ወጣት ከአፄ ዮሐንስ ወታደር ጋር ትዋደዳለች። አንድ ሌሊት ሕልም ታያለች፣ በማግስቱ ትጠመቃለች፣ ይጋባሉ። ገጽ 214 ላይ አቆምኩና መጨረሻውን ገልጬ አየሁት፤ ልጃቸው ዓድዋ ይዘምታል። ቅር ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን በቅጡ መናገር አቃተኝ። ሴት አያቴ ሙስሊም ናቸው፣ ወንድ አያቴ ክርስቲያን ነበሩ፤ መጽሐፉን ላነብላቸው አስቤ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደግሞ "መንፈሳዊ መጽሐፍ መተቸት ኃጢአት ነው" አለችኝ። ልጨርሰው ወይስ ለሻጩ ልመልሰው? ለጓደኞቼስ ምን ልበል? ለደራሲው ልጻፍ? ያሰመርኩባቸውን 26 ገጾች ፎቶ አንስቼ ልኬላችኋለሁ።»

አብሽሪ እህታችን። የጓደኛሽን ነገር ቶሎ እንለፈው፦ ቅዱስ መጽሐፍና ስለ እምነት የተጻፈ ልብ ወለድ አንድ አይደሉም። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፣ ምሥጢሩ ከጎደለ ወይም ቤቱ ካልመታ ይመለስበታል እንጂ «ስለ እግዚአብሔር ነውና ይለፍ» አይባልም። ደግሞ ቦሩ ሜዳ ማለት ሊቃውንት በንጉሠ ነገሥት ፊት ቆመው የተከራከሩበት ቦታ ነው። ስለ ቦሩ ሜዳ የተጻፈ መጽሐፍ «አትከራከሩብኝ» ካለ ነገሩ ያስቃል።

አሁን ወደ ቅሬታሽ። ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ የራሱ ሕግ አለው። ቅርጹ በብዛት የተቀዳው ከአሜሪካ ወንጌላውያን አሳታሚዎች ነው። ሁለት ክር አብረው ይገመዱበታል፤ አንዱ የጥንዶቹ ፍቅር፣ ሌላው እያንዳንዳቸው ከእግዚአብሔር ጋር ያላቸው ጉዞ። መኝታ ቤት አይገባም፣ ማሰሪያው ጋብቻ ነው፣ ከጋብቻው በፊትም ሁለቱ በአንድ እምነት መቆም አለባቸው። ይህ የመጨረሻው የቆመው 2ኛ ቆሮንቶስ 6፥14 ላይ ነው፦ «ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ»። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን የተክሊልና የቁርባን ጋብቻ ለተጠመቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቱ መጠመቋ ስህተት አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይተሽ ስትገዢ ይህንንም አብረሽ ገዝተሻል። ያስቀየመሽ ጥምቀቱ ማንንም ምንም ሳያስከፍል መፈጸሙ ነው። ያውም በዚያ ዓመት።

ግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ንጉሥ ምኒልክም በተገኙበት፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የመጀመሪያው ጉዳይ የክርስቲያኖቹ የራሳቸው ነበር፤ ተዋሕዶና ሦስት ልደት የተባሉ ሁለት የትምህርት ወገኖች ተከራክረው ተዋሕዶ ረታ። ቀጥሎ «ተጠመቁ» የሚለው ዐዋጅ ወደ ወሎ ሙስሊም ዞረ። የወረ ሂመኖው ገዢ ኢማም መሐመድ ዓሊ በንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ተቀናቃኛቸው አመዴ ሊበን በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሹመቱን የፈለገ ተጠመቀ፤ እምቢ ያለ ሹመቱን ጣለ ወይም ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዓሊሞች ሸፍተው ተዋጉ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበር።

እንግዲህ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ሜዳ፣ አንዲት የባላባት ልጅ ስትጠመቅ ማንኛውም ወሎዬ አንባቢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልቧ አምኖ ነው ወይስ ዐዋጁ አስጠምቋት ነው? የሚወዳት ወታደርም የዐዋጁ ጦር አባል ነው። «ስለምወድሽ እመኚ» ሲላት ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ። ጥሩ ደራሲ መጽሐፉን በሙሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይሠራው ነበር፤ ልጅቱ ራሷ የትኛው እንደሆነ መለየት እስኪያቅታት። አንቺ የገዛሽው መጽሐፍ ግን ዐዋጁን ገጽ 41 ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ገጽ 198 ላይ ሕልሙን ያመጣል፤ ገጽ 200 ላይ ውኃው ፈስሷል። ሕልም መግባቱ አይከፋም፤ የሁለቱም እምነት አያቶች ሕልም ይፈታሉ። የከፋው በሕልሙና በጥምቀቱ መካከል አንድ ሌሊት ብቻ መኖሩ ነው። አዋቂ ሰው ከመጠመቁ በፊት አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ይማራል፦ ሥላሴን፣ ሥጋዌን፣ ጥምቀትን፣ ቁርባንን፣ ትንሣኤ ሙታንን። የሼህ ደጅ ያደገች ልጅ ምሥጢረ ሥላሴን ስትማር የምትጠይቀው ስንት ነገር አለ! ደራሲው ያንን ጊዜ ቢያስገባው ኖሮ አራት ምዕራፍ የሚሞላ ሙግት ያገኝ ነበር። «በዐዋጅ የተጠመቀው ሁሉ መች ተማረ?» ብትዪን ልክ ነሽ፤ ግን ያን ጊዜ ጥምቀቱ የዐዋጅ ይሆናል፣ መጽሐፉም የልብ ነው ብሎ ሊሸጥልሽ አይችልም።

ዋጋው የት መታየት ነበረበት? ወሎ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ማዕድ ላይ ነው፤ ይህን አንቺ ከእኛ በላይ ታውቂዋለሽ። ድግስ ሲሆን ሁለት አራጅ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት ይሰናዳል፤ አንዱ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ብሎ። ቅሬው (ዕድሩ) አንድ ነው፣ ለቅሶው አንድ ነው፣ ሠርጉ አንድ ነው፤ ሥጋው ግን ሁለት ነው። ይቺ ልጅ ማተብ ካሰረችበት ሰዓት ጀምሮ አባቷ ያረዱትን አትበላም፤ እሳቸውም በባሏ ቤት የታረደውን አይቀምሱም። መጽሐፉ ግን ገጽ 209 ላይ፣ ከጥምቀቱ በሳምንቱ፣ አባትና ልጅን ከአንድ ትሪ ጥብስ ያስበላቸዋል። ዕርቅ ማሳየቱ ነው። የዕርቁ ትዕይንት ግን እዚያው አጠገቡ ነበር፦ አባት ልጃቸውን ሊጋብዙ ፈልገው የሚያርድላት ሲያጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው ክርስቲያን ጎረቤት ዘንድ «እስቲ መጥተህ እረድልኝ» ብለው ሲልኩ። ይህም ይቅር፤ ሽሮ ቀርቦ ሁለቱም ዝም ብለው ቢቆርሱ ከዚያ ጥብስ ይልቅ ያስለቅሳል። ጾም እንዳይመስላት አባት «ዛሬ ሥጋ አላማረኝም» ቢሉ ደግሞ ወሎ ሙሉውን እዚያ ውስጥ ታገኚዋለሽ።

ከማዕዱ ቀጥሎ ስም አለ። ክርስትና ስሟን ባሏ ይጠራታል፤ እናቷስ? መጽሐፉ ከገጽ 200 በኋላ እናቷንም በአዲሱ ስም ያስጠራታል፣ ያውም አንዴ እንኳ ሳትሳሳት። የወለደች እናት ስትረሳና ስታርም ሁለት ጊዜ ብንሰማት ይበቃን ነበር። መቃብርም አለ፤ እናት ስትሞት ልጅ ከቀብሩ የት ጋ እንደምትቆም። ቡናም አለ። በዚያ ዘመን ብዙው የሰሜን ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ አድርጎ ይርቀው ነበር፤ በክርስቲያኑ ዘንድ የተስፋፋው በኋላ በምኒልክ ዘመን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሙሽራይቱ ለንስሐ አባቷ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትቀዳ ይታያል። ደራሲው የዛሬውን ደሴ ወደ ኋላ ወስዶት ነው። ቡናውን መተው ካለባት ግን ያ ራሱ አንድ ኪሳራ ነው፤ የእናቷን ረከቦት እያየች በብርሌ የምትጠጣ ሴት ገጸ ባሕርይ ትወጣታለች።

ያሰመርሽባቸው ሌሎች ስህተቶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሁሉንም በአንድ ቁጣ አትቁጠሪያቸው። በእስክሪብቶ የሚስተካከሉ አሉ። ገጽ 12 ላይ የሚሸተው ባሕር ዛፍ ወደ አገሩ የገባው በ1880ዎቹ በምኒልክ ዘመን ነው፤ ጥድ ወይም ወይራ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ገጽ 133 ላይ ወታደሩ ከመታጠቂያው 500 ብር ጥሎሽ ያወጣል። ብሩ ማርትሬዛ ነው፤ አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ 500ው 14 ኪሎ ነው። መታጠቂያ ሳይሆን በቅሎ ይፈልጋል። ሠርጉ ታኅሣሥ 12 ተደርጓል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን አታጋባም። ከጥምቀት በኋላ ጥር ላይ ቢያደርገው ምንም አይጎድልበትም። ጥምቀቷን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ማድረጉ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ገዳሙ የወንዶች ነው፣ ሴት አትገባበትም። ወታደሩ ለፈቃድ መቀሌ ቤተ መንግሥት ደርሶ በአራት ቀን መመለሱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። የመቀሌው ቤተ መንግሥት የተሠራው ከጉባኤው በኋላ ነው፤ መንገዱም በዛሬው መኪና መንገድ 380 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጥሩ በቅሎ በቀን 25 እና 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ መሄጃው ብቻ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

ተንበርክኮ ቀለበት ማቅረቡን እኛም ስናይ ሳቅን። የባላባት ልጅ የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌው ደጅ ይጠናል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ለአንድ ክርስቲያን ወታደር ወደ ሙስሊም ባላባት ቤት ማን ሽማግሌ ሊሄድለት ይችላል? ሁለቱም ወገን የሚያከብረው አበጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ተገኝቶ ቢሆንስ? ቀለበቱ ይህን ሁሉ ዋጠው። ገጽ 199 ላይ ያለው «ጌታን በልቤ ተቀብያለሁ» ከዚሁ ወገን ነው። አነጋገሩ በኋላ ዘመን የመጣ የወንጌላውያን ነው። የ1870 ኦርቶዶክስ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ንስሐ አባቱ፣ ስለ ስለቱና ስለ ጾሙ ነው የሚያወራው። ቅርጹ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ጸሎቱም አብሮት መጣ ማለት ነው።

መጽሐፉን የሚያፈርሰው ስህተት ግን አንድ ነው፤ አንቺም ጥያቄ ምልክት ብቻ አድርገሽ አልፈሽዋል። ጉባኤው «በ1878 ዓ.ም.» ይላል፤ ዓድዋ «በ1888 ዓ.ም.»፤ ዓድዋ የሚዘምተው ልጅ ደግሞ 17 ዓመቱ ነው። ከ1878 እስከ 1888 አሥር ዓመት ነው፤ ልጁ ቢበዛ 9 ዓመቱ ይሆናል። የተፈጠረው ይህ ነው፦ ደራሲው የጉባኤውን ዓመት ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ ወስዶ «ዓ.ም.» ቀጠለበት፤ ዓድዋን ግን ከልጅነቱ በሚያውቀው በእኛ ቁጥር ጻፈ። የፈረንጁን ወደ እኛ ስትመልሺ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ትቀንሻለሽ። ጉባኤው በፈረንጅ ግንቦት ላይ ስለሆነ 8 ሲቀነስ 1870 ይመጣል፤ የልጁም ዕድሜ ይቀራረባል። ከሁለቱ ዓመታት ልዩነት ጋር የጠፋ ሌላም ነገር አለ፦ ክፉ ቀን። ከ1880 እስከ 1884 የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶ፣ ድርቁና አንበጣው ተደርቦ ሰው አልቋል። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ወሎ ላይ ከ1870 ተነሥቶ ያንን ሳይነካ ዓድዋ መድረስ አይችልም። ባልና ሚስቱ በተፈተኑበት ነበር፤ ያኔ ሙስሊሙ አባት ናቸው ጎተራቸውን የሚከፍቱላት ወይስ የባሏ ወገን? ከጋብቻው በኋላ ያሉት ገጾች ይህን ካልነኩ ባዶ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን፤ የሜዳው የጠዋት ጭጋግ አሪፍ ተጽፏል፣ አማቷም ሕያው ሴት ናት። ደራሲው ሰው ማየት ይችላል። ያላያቸው አባትየውን ነው። በላክሽልን ገጾች አባት ዘጠኝ ጊዜ ይናገራሉ፤ በሰባቱ ይጮኻሉ፤ ለምን እንደማይጠመቁ አንድ ጊዜ እንኳ ምክንያት አይሰጡም። ወደፊት መጽሐፍ ቤት ቆመሽ ይህን ዓይነት ልብ ወለድ ስትመርጪ ከመካከሉ የሙግት ገጽ ፈልጊና የማያምነው ሰው የሚናገረውን ብቻ አንብቢ። ቁጣ እንጂ ምክንያት ከሌለው መልሰሽ አስቀምጪው። ከዚያ የዓመት ቁጥር ያለበትን ሁለት ቦታ አመሳክሪ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ልጨርሰው ላልሽው፣ ሙሉውን አትጨርሺ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎችና ደራሲው በመጨረሻ የጻፈው ማስታወሻ ካለ እሱን አንብቢ፤ መራጭዋ አንቺ ስለሆንሽ መጨረሻውን ሳታውቂ ብትቀመጪ ለመከራከር ይቸግርሻል።

ውይይቱን አትሰርዢው፤ ከሰረዝሽው ሙስሊም ጓደኞችሽ ለእነሱ እንዳፈርሽላቸው ይቆጥሩታል። ስልክ ደውለሽ «መጽሐፉን ስመርጥ ውስጡን አላየሁትም ነበር፣ ገጽ 209ን አብረን እንየው» በያቸው፤ ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። ለአንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ትዕይንት ይበቃል፦ ዐዋጁ ያለበት ገጽ 41 እና ጥብሱ ያለበት ገጽ 209። እያንዳንዱን አንዷ ጮክ ብላ ታንብበው፤ ገጽ 209ን ክርስቲያን የሆነች ብታነበው ይሻላል። መጀመሪያ ሁሉም ስለ ጽሑፉ ብቻ ይናገር፦ ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን ከሰረ። «እንደ ሙስሊም ምን ተሰማሽ?» የሚል ጥያቄ ለማንም አታንሺ፤ ሦስቱን የእምነታቸው ጠበቃ ታደርጊያቸዋለሽ፣ እነሱ የመጡት መጽሐፍ ሊያወሩ ነው። ሃያ ደቂቃ ሲቀር ያንን የማዕድ ትዕይንት እንደገና እንዲጽፉት አድርጊ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ወረቀት፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ይነበብ። ነገሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰዓቱን ቀድመሽ አትጨርሺው።

ለደራሲው ጻፊለት፤ ግን ውይይቱ ካለፈ ከሳምንት በኋላ፣ ቁጣሽ በርዶ። አድራሻው ብዙ ጊዜ የሕትመት መረጃው ካለበት ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ይገኛል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የወደድሽውን አንድ ነገር በገጽ ቁጥሩ አስቀድሚ፤ ጭጋጉን በይው። ቀጥሎ የ1878ንና የ17 ዓመቱን ስሌት አሳዪው፤ ይህን ማንም ደራሲ አይከራከርበትም፣ ለሁለተኛ እትም ያመሰግንሻል። የቀለበቱንና የባሕር ዛፉን በአንድ መስመር ደርድሪያቸው። የጥምቀቱን ጉዳይ በጥያቄ አቅርቢው፦ «አባትየው ለልጃቸው ምን ያርዱላት ነበር?» መልስ ካልመጣ ሁለተኛ አትጻፊ፤ ደብዳቤውንም ፌስቡክ ላይ አትለጥፊው፤ ከለጠፍሽው በኋላ የሚመጣው አስተያየት ስለ መጽሐፉ አይሆንም፣ ስለ ሃይማኖት ይሆናል።

ለአያትሽ ይህን መጽሐፍ አታንብቢላቸው። ይልቅ ስለ ሠርጋቸው ጠይቂያቸው፤ «ደስተኛ ነበሩ?» ብለሽ ሳይሆን ማን እንዳረደ፣ ስንት ድስት እንደተጣደ፣ የባላቸው እናት መጀመሪያ ቤታቸው የመጡ ቀን ምን እንደቀረበላቸው። ዓመቱን በቁጥር ላያስታውሱት ይችላሉ፤ «ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ?»፣ «ጤፉ የተወደደበት ዓመት ነው?» እያልሽ ጠጋ በይው። ድምፃቸውን በስልክ የምትቀርጪ ከሆነ አስፈቅደሽ፣ ስልኩን ከረከቦቱ አራቂው፤ የሲኒው ኳኳታ ድምፁን ይውጠዋል።

መጽሐፉን ለመመለስ ስለጠየቅሽው፣ በእርሳስ ስላሰመርሽበት ሻጩ በሙሉ ዋጋ አይወስድልሽም። ላጲስ ገዝተሽ ከመድከም እንዳለ ያዢው፤ ገጽ 209 ያስፈልግሻል።